ስብሰባው ሳይጀመር ያለቀው ቃለ ጉባኤ

ዛሬ ሮቤ በተጠራ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ተመረጥኩ። ብዕሬን ሳወጣ ሰብሳቢው «አትልፋ መምህር፣ ተጽፎ አልቋል» ብሎ የታተመ ወረቀት አቀበለኝ። ስብሰባው ገና አልተጀመረም!

አጀንዳው ምን መሰላችሁ? «ሕዝቡ ምርጫን እንዲያምን ምን ይሻሻል?» እየቀለድኩ አይደለም።

ከአጋርፋ የመጡት አዛውንት፣ ሐጂ ከድር፣ እጃቸውን አወጡ። «የየጣቢያው ውጤት እዚያው በር ላይ ይለጠፍ፣ እኛም በስልካችን እናንሳው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ወረቀቱን አየሁት። የሳቸው ሐሳብ የለም። «ተሳታፊዎች በቀረበው ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ይላል። «የሻይ እረፍት ተደርጓል» ሁሉ ይላል፤ ሻዩ ግን እስካሁን አልመጣም።

ለፊርማ ሲዞር ሐጂ «እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው።

«ሱብሃነላህ! ገና አፌን ሳልከፍት ተስማምቷል ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ የምርጫው ቀንስ ምን ልሠራ ልምጣ?» አሉና ሳይፈርሙ ወጡ።

ደሜ ፈላ። በሰብሳቢው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወረቀቱን እንደተቀበልኩ፣ ሳላነብ፣ መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

እናንተስ ሳትናገሩ «ተስማምተዋል» የተባላችሁት የት ነው? እዚህ ሥር ጻፉልኝ። ይሄኛውን ቃለ ጉባኤ ማንም ቀድሞ አልጻፈውም።