ከዘለበቱ በኩል

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመርኩት መካኒሳ አቦ፣ ጋሽ ዘነበ ቀበቶ በሚሠሩባትና በሚጠግኑባት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀና ስል ከጣሪያው ሥር፣ ሽቦ ላይ፣ የቀበቶ ቁራጮች እንደ ቋንጣ ተንጠልጥለዋል። ቆሻሻ መስለውኝ አወረድኳቸውና ወደ በሩ ጠረግኋቸው።

«ምን እያደረግክ ነው?» አሉ ጋሽ ዘነበ።

«ላጸዳ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«የሰው ወገብ ነው የምትጥለው። መልሰህ ስቀል!»

እያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባው ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፎበታል። እየሰቀልኩ ግጥም ማንጎራጎር ጀመርኩላቸው። ለቀበቶ ቁራጭ ግጥም የገጠመ ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

አብዛኛው ሥራችን ማህተም የተመታባቸው ቀበቶዎች ነበሩ። ቆዳው ረጠብ ሲል የአበባ ቅርጽ ያለው ብረት ይቀመጥበትና በመዶሻ ይመታል። ሲቆሽሽ አበባው ውስጥ የገባውን አቧራ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እናወጣለን፤ ከዚያ ትንሽ ሞራ በጨርቅ እንቀባዋለን። ውኃ ውስጥ መንከር ክልክል ነው፤ ቆዳው ያብጥና አበባው ይጠፋል። ካውያማ ጭራሽ አይታሰብም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሙሉጌታ መጣ። የላፍቶ መስመር የታክሲ ሾፌር ነው፤ ታይፎይድ ጥሎት ከርሞ ገና መነሳቱ ነበር። ቀበቶውን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለና ሱሪውን በእጁ ይዞ ቆመ።

«ጋሽ ዘነበ፣ ይቺን መስመር አጥፉልኝ።»

ከመክሳቱ በፊት በሚያስርበት ቀዳዳ ላይ ዘለበቱ ጥልቅ መስመር ትቷል። አሁን ወደ ውስጥ ገባ ባለው ቀዳዳ ሲያስር መስመሩ ውጭ ይቀርና ምን ያህል እንደከሳ ለአላፊ አግዳሚው ያወራበታል። ያን ጊዜ ደግሞ ሰው ከከሳ ወሬ ይከተለዋል፤ ታይፎይድ ነው ቢል ማን ያምነዋል?

«ዛሬ ምሳ ሰናይት ቤት ተጠርቻለሁ» አለ። «አባቷ ‹ለዚህ በሽተኛ ልጄን አልሰጥም› ቢሉስ?»

«ሌላ ቀበቶ አድርጋ!» አልኩት።

«ይህን የሰጠችኝ እሷ ናት። ሳላደርገው ብሄድ ከአባቷ በፊት እሷ ታባርረኛለች።»

ጋሽ ዘነበ ቀበቶውን ወደ ብርሃን አዞሩት። «መስመሩን ላጥፋ ካልኩ አበባውም አብሮ ይሄዳል።»

«አለቀልኝ በሉኛ!»

«ዝም በል። መስመሩ ባለበት ይቆይ፤ አንተን ወደ መስመሩ እንመልስሃለን።»

ዘለበቱን ፈቱት። ሰውየው የከሳውን ያህል ከዘለበቱ በኩል ቆረጡ፤ ጫፉን ከጀርባው ፍቀው ስስ አደረጉትና በዘለበቱ ላይ አጥፈው መልሰው ሰፉት። ሙሉጌታ ሲታጠቀው ዘለበቱ እዚያው የድሮው ቀዳዳ፣ የድሮው መስመር ላይ ቁጭ አለ።

«አንተ፣ ወፈርክ እንዴ?» አልኩት።

«አፍህን ዝጋ፣ ገጣሚ!» ብሎኝ እየሳቀ ሮጠ። ጋሽ ዘነበ ቁራጩ ጀርባ ላይ ስሙን ጻፉ፤ እኔ ሰቀልኩት።

ተጋቡ። ከሠርጉ ወራት በኋላ ሰናይት ብቻዋን መጥታ ቀበቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«የቆረጣችሁትን አምጡ» አለች።

ጋሽ ዘነበ እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ማን ነገረሽ?» አሏት።

«አባባ ነዋ! ገና በር ላይ ሲያየው ነው ያወቀው። ብስራተ ገብርኤል ስንት ዘመን ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው እኮ። ቀበቶው ምንም አይወጣለትም፤ ሱሪው ግን ወገቡ ላይ እንደ መጋረጃ ተጨማዷል።»

ያን ቀን ሙሉጌታ ሱሪውን በእጁ ይዞ ፊታችን ቆሞ ነበር፤ ሱሪውን ያየ ግን አልነበረም።

«ታዲያ አባትሽ ምን አሉ?» አልኳት።

«‹ከሕመም ተነስቶ ላንቺ ብሎ እንዲህ ከተጨነቀ ጥሩ ሰው ነው፤ ምግብ ጨምሪለት› አለኝ። ጨመርኩለት። ይኸው ቀበቶው አልደርስ አለው!»

ቁራጩን አወረድኩ። ጋሽ ዘነበ ዘለበቱን ፈትተው ቁራጩን ከቀበቶው ጋር ጫፍ ለጫፍ ገጠሙና ከሥሩ ስስ ቆዳ በማስቲሽ ለጠፉበት፤ እኔ ሰም በተቀባ ክር ሰፋሁትና ዘለበቱን መለስኩ። ለሁለት የተከፈለው አበባ መልሶ አንድ ሆነ። ሰናይት በጣቷ ዳሰሰችውና ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ለአዲስ ጀማሪ የምነግረው ይህን ነው። ማህተም ያለበትን ቀበቶ ከዘለበቱ በኩል ቁረጥ። ቁራጩን ስም ጽፈህበት ስቀል። ከመቁረጥህ በፊት ግን ሱሪውን እይ።