ለተቆጣጣሪው የተሰቀለ መጋረጃ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጄ ሐያት ሱቅ መጣችና መደርደሪያው ላይ ያለውን ሰማያዊ ጨርቅ እየነካካች፣ «እማ፣ መጋረጃ የሚሆን ቁረጪልኝ፤ ነገ ኮሌጃችን ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው» አለችኝ። አዳራሹን በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ቤተ መጻሕፍት ሊያስመስሉት ነው አሉ። ተማሪው ሁሉ ከየቤቱ ያገኘውን መጽሐፍ ይዞ እንዲመጣ ታዟል። መቀሱን አንስቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ምነው? ጨርቁ ይጎዳብሻል?» አለችኝ።

«ጨርቁስ ጨርቅ ነው። ቁጭ በይ እስቲ» አልኳት።

እኔ የተወለድኩት እዚሁ መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ነው። አባቴ ከወሎ ጨርቅ ተሸክሞ መጥቶ በዚያው ቀረ። ልጅ ሳለሁ ሱቃችን ከአንድ ፎቅ ቤት ሥር ነበር። ሃያዎቹ ውስጥ ስገባ ፎቁን አንድ የርቀት ትምህርት ኮሌጅ ተከራየውና በረንዳው ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃው በመምህራን፣ በጸሐፊዎች፣ በጤና ጣቢያ ሠራተኞች ይሞላል። ከጭንቅላታችን በላይ ወንበር ሲጎተት እየሰማን እኛ ከታች ጨርቅ እንለካለን። አባቴ ፊደል ሳይቆጥር ያረጀ ሰው ነበርና ወንበሩ በተጎተተ ቁጥር ወደ ጣሪያው አንጋጦ «አላህ ይግለጥላቸው» ይል ነበር። ወንበሩን የሚጎትተው መምህር አለመሆኑን እሱም እኔም አናውቅም ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዷ ለተብርሃን ነበረች። እሷና እናቷ አደይ ምሕረት እኛው ግቢ ውስጥ፣ ከማድ ቤታችን አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ለተብርሃን አስተማሪ ናት፤ ያውም መኪና በሳምንት አንዴ ብቅ በሚልበት ገጠር። እናቷ አስም ነበረባቸው፤ ሲነሣባቸው ግድግዳ ይዘው ይቆማሉ፣ ውሃ የሚያቀብላቸው ሰው ያስፈልጋል። ልጅ ሌላ የላቸውም። ለተብርሃን ዲግሪ ከያዘች ከተማ ትዛወራለች ተብላ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ዲግሪው ለሹመት ወይም ለጌጥ አልነበረም፣ እናቷ አጠገብ ለማደር ነበር።

ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትመጣና በራፋቸው ላይ ተቀምጣ ሞጁሏን ትዘረጋለች። ዝናቡ ጋብ ሲል ከመንገዱ በለስ ገዝቼ እመጣለሁ፤ እኔ እሾሁን እየተጠነቀቅኩ ስልጥ፣ እሷ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ላይ ተክዛ ትቀራለች።

«ይሄ አልገባኝም፣ ዘይነባ» ትለኛለች።

«መምህራችሁን ጠይቂዋ።»

«የትኛውን መምህር? አንድ ቀን መጥቶ ስሙን ነግሮን ሄደ እኮ።»

ታዲያ በዚያው ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው ተባለ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ኮሌጁ ከተዘጋ የለፉበት ሁሉ ውሃ እንደሚበላው ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም ማዘዝ አላስፈለገውም። ኧረ ተዉኝ፣ የዚያን ሰሞን ትጋት ብታዩ! አንዱ መደርደሪያ በጋሪ አስጭኖ መጣ፣ ሌላው የልጆቹን መማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር ይዞ ወጣ። ሴቶቹ ለእንግዳው ሕልበት መቱ፤ ከባቄላና ከአብሽ የሚመታው፣ እንደ አረፋ የሚነሣው የጾም ምግብ። በጾሙ ቅቤ በአፋቸው የማይዞር ሰዎች ውሸቱን ግን አልጾሙትም። ገበና ሸፋኝ ነን እኛ፤ ጣሪያው ቢያፈስ እንኳ እንግዳ ሲመጣ ከሥሩ ቆመን እንሸፍናለን። ኮሌጁን እንደ ቤታቸው ቆጠሩት። ኮሌጁ ግን እነሱን እንደ ልጆቹ አልቆጠራቸውም።

ክፍሉን ቤተ መጻሕፍት ለማስመሰል የከፈሉበት መጋረጃም ከእኛ ሱቅ ሄደ። የሰቀልኩትም እኔ ነኝ፤ ለዚያ ነው ሁሉንም በዓይኔ ያየሁት። ተቆጣጣሪው መነጽር ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። መጽሐፎቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ።

«አስጠኚ መምህር በየስንት ጊዜው ይመጣላችኋል?»

«በየሳምንቱ» አሉ በአንድ አፍ።

ሽማግሌው ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ለተብርሃንን አዩ። «አንቺስ፣ ልጄ?»

«አንድ ቀን ብቻ ነው የመጣው» አለች።

ኃላፊው ሳል ሳል አለው። ሽማግሌው ቀጠሉ፤ «መጻሕፍቱስ?»

«ከየቤታችን ያመጣናቸው ናቸው። ያ ቀዩ የእኔ ነው። ሞጁልም አይደርሰንም፤ ከደረሰው ሰው ላይ ኮፒ እናደርጋለን። መምህር ይላክልን፣ ሒሳቡ አልገባንም።»

ደፋር ሆና አልነበረም፤ ተቆጣጣሪ ማለት የጎደለውን የሚሞላ ሰው መስሏት ነበር። ሽማግሌው አመስግነዋት ጻፉ፣ ሕልበቱን ሳይነኩ ወረዱ።

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። ሽማግሌው የጻፉት የት እንደገባ አላህ ይወቀው፤ ኮሌጁ «አስተካክሉ» ተብሎ ታለፈ ሲባል ሰማን። መምህር አልተላከም። መስከረም ላይ ግን ለተብርሃን ከኮሌጁ ተባረረች። ምክንያቱም ከማጠናከሪያ ትምህርት ቀርታለች የሚል ነበር። አስጠኚ ከማይመጣበት ትምህርት ቀረች ተባለች! ስትነግረኝ ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች።

ጓደኞቿ ደግሞ ሰላምታ ነሷት። «ልታስዘጋብን ነበር፣ ጠቋሚ» እያሉ በደረጃው ሲወጡ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከእሷ ጋር አንድ ሞጁል ለሁለት ያነበበችው ልጅ እንኳ በሱቃችን ፊት ስታልፍ መንገዱን ተሻገረች። ለተብርሃን ሻንጣዋን ይዛ ወደ ገጠሯ ተመለሰች። እናቷን ለእኔና ለእናቴ አደራ አለችን።

ብርዱ ሲበረታ አደይ ምሕረት ላይ አስሙ ጠናባቸው። አንድ ጠዋት ውሃ ይዤላቸው ስገባ ግድግዳውን እንደያዙ ነበሩ። «ለተይ መጺኣ ዶ?» አሉኝ፤ ለተ መጣች ወይ ማለታቸው ነው። «በመንገድ ላይ ናት፣ አደይ» አልኳቸው። አልነበረችም። መልእክቱ ሲደርሳት መኪና አጣች፤ በመጨረሻ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ተቀምጣ ስትደርስ እናቷ ተቀብረዋል።

ድንኳን ተጣለ። የግቢው ሰው መጣ፣ የእኛም ዘመድ መጣ፣ እናቴ የምስር ወጥ ሠርታ ተሸከመች። ለተብርሃን ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩን ታያለች። ሰው በገባ ቁጥር ቀና ትላለች። አብረዋት ከተማሩት አንድም ሰው አልመጣም። ወላሂ፣ በእኛ አገር በደም የሚፈላለግ ሰው እንኳ ለልቅሶ ይደርሳል። ፎቁና ድንኳኑ መካከል ያለው አንድ ቅያስ ነው። ያን ያህል የተናደድኩበት ቀን በሕይወቴ የለም፤ አሁንም ሳወራው ደሜ ይፈላል።

ኋላ ተመረቁ። ካባ ለብሰው ፎቶ ተነሡ፣ ከፎቁ ላይ እልልታው ሲወርድ አባቴ ሬዲዮኑን ዘጋ። ዲግሪውን ለየመሥሪያ ቤታቸው ሲያቀርቡ መጣራት አለበት ተባለ። ሲጣራ ቅርንጫፉ በርቀት ለማስተማር ፈቃድ እንዳልነበረው ታወቀ። በረንዳው ላይ የነበረው ሰሌዳ በአንድ ጠዋት ወረደ፣ ኃላፊው ስልኩን ዘጋ።

ያኔ ለተብርሃንን ፈለጓት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አቤቱታቸውን የሚሰማ መሥሪያ ቤት፣ ያኔ ለተቆጣጣሪው እውነቱን የተናገረ ሰው ካለ ይቅረብ ብሏቸው ኖሯል። እሷ ለክረምት መጥታ የእናቷን ክፍል እያጸዳች ነበር። በሩ ላይ ተደርድረው ቆሙ። እኔ ልሰድባቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ክንዴን ያዘችኝ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለቻቸው። ሲቀመጡ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከፊታቸው ተቀመጠች። ጠበቀች። መንገድ የተሻገረችው ልጅ ከሁሉም በፊት ነገሩ ገባትና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ሁሉም በየተራ አሉ። ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው «በሉ፣ ጉዳያችሁን ንገሩኝ» ያለቻቸው።

ሄዳ መሰከረችላቸው። ምንም አልጠቀማቸውም፤ ዲግሪው እንደወደቀ ቀረ። ለምን እንደሄደች ስጠይቃት «እናቴ ቤት ለልቅሶ የመጣን ሰው ምን ብዬ ልመልሰው?» አለችኝ። እሷ እስከ ጡረታ ከገጠር አልወጣችም። እዚህ መሆን የነበረባት ለእናቷ ነበር፤ እናቷ ከሌሉ ምን ልታደርግ ትመጣለች?

ሐያት ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። በጦርነቱ ትምህርት ተቋርጦ ስንት ዓመቷ ባክኗል፤ ኮሌጇ ከተዘጋ ሌላ የምታባክነው ዓመት የላትም። ይህን እኔም አውቃለሁ።

«እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው፣ ልጄ» አልኳት።

ጨርቁን ለቀቀችውና ዓይኔን እያየች፣ «እሺ፣ ነገ ብቻዬን እውነቱን ተናገርኩ እንበል» አለች፤ «አንቺ ስትሞቺብኝ ማን ይመጣልኛል?»

«ለተብርሃን ትመጣለች» አልኳት።

«እሷም አርጅታለች፣ እማ።»

ሐያት መጋረጃ ሳትይዝ ሄደች። ዛሬ ጠዋት ወደ ኮሌጇ ስትወጣ ግን ቤት መደርደሪያዋ ላይ የነበሩትን መጻሕፍት እንደታዘዘው ይዛቸው ሄዳለች። ይኸው ሱቄን ከፍቼ ተቀምጫለሁ፤ ሰማያዊው ጨርቅ ፊት ለፊቴ ነው፣ እሷ ገና አልተመለሰችም።