መሬት ፍለጋ ከአራብሳ እስከ ቡልቡላ

ጠዋት 1፡30፣ ቦሌ አራብሳ

ሐሙስ ጠዋት ከኮንዶሚኒየማችን የወጣሁት መዳፌን የምታህል አረንጓዴ ቦርድ ከነካሜራዋና ከነስክሪኗ በፎጣ ጠቅልዬ ነው። ቦርዷን የሠራናት እኔና ባልደረባዬ ሚኪያስ ነን። ከትንሽ ካሜራ የሰው ዓይን ምስል ተቀብላ ስክሪን ላይ ታወጣለች፤ አንድ የዓይን ክሊኒክ ጥሩ ሆና ካገኛት በብዛት እገዛችኋለሁ ብሎናል። ነገር ግን ምስሉ ይሰነጣጠቃል፣ ባለበት ይደርቃል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ምክንያቱን ሳምንት ሙሉ ፈልገን አጣነው።

ቦርዷን የሚያመርትልን የውጭ አገር ፋብሪካ የመጨረሻውን ሥዕሏን የሚጠብቀው ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ካለፈ ተራችንን ለሌላ ይሰጣል፣ ክሊኒኩም ሌላ ዕቃ ይገዛል፣ የሁለት ዓመት ልፋታችንም እዚያው ላይ ያበቃል። የቀረኝ ተስፋ ቡልቡላ የሚኖሩት ጋሼ ሰይድ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ መበየጃ አያያዝ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሪክን እንቅስቃሴ በስክሪን የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ አላቸው።

ታክሲ መያዣው ከብሎካችን ፊት ለፊት ነው፤ ከመስኮቴ ብጣራ ሹፌሩ ይሰማኛል። ሆኖም እዚያ ለመድረስ ግቢውን መዞር አለብኝ። አምና የብሎኩ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ «ግቢያችን ይታጠር» እያልኩ ነጋ ጠባ የወተወትኩት እኔ ነኝ። አጥሩ አምሮ ተሠራ፤ በሩ ግን በጓሮ በኩል ብቻ ሆነ። ጎረቤቴ እትዬ ሙሉነሽ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ አጥሩ ጥግ ላይ ቆመው ጉልበታቸውን ሲያሹ አገኘኋቸው።

«ፍሬ፣ ይሄ አጥርሽ ሌባውን ትቶ እኔን ያዘ» አሉኝ።

ስቄ ሳምኳቸውና አለፍኩ። ቸኩዬ ነበር።

2፡15፣ ወደ መገናኛ

የታክሲው ሂሳብ አርባ ብር ነው። መስኮት ጋ ተቀምጬ ለሚኪያስ ደወልኩለት።

«መሬቱ ሰላም ነው» አልኩት። «የላይኛው መሬት ከታችኛው ጋር ተገናኝቷል፤ ዳር ዳሩን በሙሉ ራሴ ነኝ ያጠርኩት።»

በእኛ ሙያ መሬት ማለት በቦርዱ ፊትና ጀርባ የተነጠፈው የመዳብ ንጣፍ ነው። ሲግናል በቀጭን መስመር ይሄዳል፤ ተመላሹ ኮረንቲ የሚመጣው በዚህ መሬት ላይ ነው። ሁለቱን መሬቶች የሚያገናኟቸው ቪያ የምንላቸው ውስጣቸው በመዳብ የተለበጠ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ናቸው። እኔ እነዚህን ቀዳዳዎች በቦርዱ ጠርዝ ዙሪያ ሰልፍ አስይዤ ደርድሬያቸዋለሁ። መሀሉን ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር በጣም እኮራበት ነበር።

ስልኩን ስዘጋ አጠገቤ የተቀመጡ ባርኔጣ ያደረጉ ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ መሬቱ ስንት ካሬ ነው?»

«ስምንት በአሥር ነው።»

«ስምንት በአሥር ሜትር?»

«ሳንቲሜትር።»

ሰውዬው የቀለድኩባቸው መሰላቸው። ጎሮ አካባቢ ቤትና ቦታ የሚያሻሽጡ ደላላ ናቸው። ሙያ ሙያ ነውና እንዲህ በቀላሉ አልለቀቁኝም።

«ካርታስ አለው?»

«አለው» ብዬ የቦርዱን ሥዕል ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና ረጅም ጊዜ አዩት።

«አጥሩ ደህና ነው» አሉ በመጨረሻ። «መግቢያው በየት በኩል ነው?»

«መግቢያ የለውም፤ አያስፈልገውም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ገዢ አታገኚለትም» ብለው መነጽራቸውን መለሱ። ከተሳፋሪው ጋር አብሬ ሳቅኩ። ምነው ያኔውኑ ሰምቻቸው ቢሆን ኖሮ!

4፡00፣ ከመገናኛ ወደ ቡልቡላ

መገናኛ ላይ አንድ እርጥብ በሻይ በላሁ፤ ሰማንያ ብር። ረሃቤ ሲታገስ ተስፋዬም ሞቅ አለ። ከዚያ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ደግሞ በሌላ ታክሲ በአየር ማረፊያው ጀርባ ዞረን ወደ ቡልቡላ ወረድን። ጋሼ ሰይድ ወደዚህ ሲመጡ ከመስኮታቸው ፊት ለፊት የጤፍ ማሳ ነበር። አሁን በማሳው ላይ ሕንፃ በሕንፃ ሆኗል፤ በመሀሉ የቀረች አንዲት የጎመን መደብ ብቻ አየሁ።

ታክሲው ያወረደኝ ልክ ከበራቸው ፊት ለፊት ነው። ጋሼ ሰይድ ሰገነታቸው ላይ ቆመው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። በመሀላችን ያለው አዲሱ ሰፊ መንገድ ነው፣ መሀሉ ላይ ደግሞ እስከ ደረቴ የሚደርስ የብረት አጥር አለ። የእግረኛ መሻገሪያ ፈልጌ ወደ ታች ሄድኩ፤ የለም። አንዲት በቆሎ ጠባሽ «ወደ ላይ ነው፣ ከአደባባዩ ወዲያ» አለችኝ። ተመልሼ ወጣሁ። ተሻግሬ በሌላኛው ጠርዝ እስክመለስ ግማሽ ሰዓት ሊሆነኝ ትንሽ ቀረው። ጫማዬ አቧራ ለበሰ፤ ፊቴ በላብ ራሰ።

5፡30፣ ጋሼ ሰይድ ቤት

«ሳይሽ ነበር» አሉኝ በሩን ከፍተው። «መጣች ስል ትሄጃለሽ፤ ሄደች ስል ትመጫለሽ።»

ውሃ ሰጡኝና ቦርዷን ከኦሲሎስኮፑ ጋር አገናኝተው አበሩት። የሲግናሉ መስመር ስክሪኑ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቦርዷን ነቅለው ወደ መስኮቱ አነሷት። ብርሃኑ በጠርዟ ቀዳዳዎች በኩል ነጥብ ነጥብ እየሆነ ገባ።

«ማሻአላህ፣ አጥሩ ያምራል። የማን ሥራ ነው?»

«የእኔ።»

«ሲግናሉ እዚህ መሀል ላይ ከፊት ወደ ጀርባ ወርዷል። ተመላሹ ኮረንቲስ? እሱም ከሥሩ ከሥሩ መከተል ይፈልጋል። ከአንዱ መሬት ወደ ሌላው በየት ይሻገር?»

ቦርዷን ተቀብዬ ራሴ በብርሃኑ አየኋት። መሀሉ ላይ አንድም መሻገሪያ የለም። ኮረንቲው እስከ ጠርዙ ድረስ ሄዶ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ተሻግሮ፣ ያን ሁሉ መንገድ መመለስ አለበት። ቀስ ያለ ሲግናል ቢሆን ኖሮ ይታገሠው ነበር፤ የካሜራው ግን እጅግ ፈጣን ነው። ዙሪያውን ሲዞር መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይረብሻል።

ጋሼ ሰይድ ጫማዬን አዩና ፈገግ አሉ። «ኮረንቲውንም እንደ ራስሽ አዞርሽው፣ ልጄ። እኛ እኮ መሬት ስናገኝ መጀመሪያ የምናስበው ማጠር ነው።»

አፈርኩም፣ ደስም አለኝ። ከሁለቱ ግን ደስታው በለጠ፤ በሽታው ታውቋላ!

የቀረችን ደህና ቦርድ ይህቺ ብቻ ናት። ሲግናሉ ከሚወርድባቸው አራት ቦታዎች አጠገብ በቀጭን መሰርሰሪያ መብሳት ነበረብን። መሰርሰሪያው በፀጉር ያህል ከሳተ መስመሩ ይቆረጣል፤ ቦርዷም አበቃላት።

«እርስዎ ይብሱት፣ ጋሼ።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል። አብሽሪ፣ አንቺ ሥሪው፤ እኔ መብራቱን እይዝልሻለሁ።»

ትንፋሼን ይዤ አንዱን በሳሁ። የፀጉር ያህል ቀጭን የመዳብ ሽቦ አሳልፌ ፊቱንና ጀርባውን በየድኩት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ከዚያ የቦርዷን ካሜራና ስክሪን ሰካንና ጋሼ ሰይድ ዓይናቸውን አስጠጉ።

ስክሪኑ ላይ ትልቅ፣ ቡናማ ዓይን ወጣ። ጥቃቅን ቀያይ ሥሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። አልተሰነጠቀም፣ አልደረቀም። ጋሼ ሰይድ በሌላኛው ዓይናቸው ወደ ስክሪኑ ሲያዩ ቆዩ።

«አርጅቷል» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ያያል፤ አልሃምዱሊላህ።»

እንባዬ መጣ። ዞር ብዬ ለሚኪያስ ደወልኩለት። «ሲግናል በተሻገረበት ሁሉ በግራና በቀኙ የመሬት ቪያ አስቀምጥ» አልኩት። «አጥሩንስ?» ሲለኝ «እሱ ይቆይ፤ መሻገሪያ ነው የጎደለው» አልኩት። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ «ሄደ፣ ደረሳቸው» የሚል መልእክት ላከልኝ።

12፡00፣ አራብሳ

የመልስ ጉዞው እንዴት እንዳለቀ አላውቅም፤ መስኮቱ ላይ ተደግፌ ለብቻዬ ስስቅ ነበር። ታክሲው ከመስኮቴ ፊት ለፊት አወረደኝ። በእኔና በቤቴ መሀል ያ የወተወትኩለት አጥር አለ። ጥጉ ላይ እትዬ ሙሉነሽ ሁለት ፌስታል ይዘው በአንድ እጃቸው ቆርቆሮውን ተደግፈዋል፤ ጠዋት ካየኋቸው ቦታ ብዙም አልራቁም።

ፌስታሎቹን ተቀበልኳቸው። ወደ በሩ ግን ወዲያው አልሄድኩም፤ ከቦርሳዬ ቦርዷ ላይ የሚበሱትን ቦታዎች ምልክት ያደረግኩበትን ማርከር አውጥቼ ታክሲ መያዣው ፊት ለፊት ያለው ቆርቆሮ ላይ ትልቅ ክብ ሣልኩ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አሉኝ።

«በር የሚከፈትበት ነው፣ እትዬ። እሑድ ስብሰባ ላይ ራሴ አነሣዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያጠርኩት እኔ ነኝ።»

ክቡን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ጉልበታቸውን አሹ።

«ትንሽ ሰፋ አድርጊው» አሉ። «ሁለታችንም እንድናልፍ።»