ቁጭ በል የተባለው ወንድሜ

ወንድሜ ምንዋጋው ከአገራችን ከዝቋላ ሰቆጣ ገበያ አህያ እየነዳ ሲመላለስ ያረጀ ሰው ነው። ቁልቁለቱን ሲወርድ እኛ ታናናሾቹ እንኳ አንደርስበትም ነበር። ስንት ድርቅ አይቷል፤ ይከሳል፣ ዝናብ ሲመጣ መልሶ ያገግማል። እግሩ ግን አንድም ቀን ከድቶት አያውቅም።

ልጁ ደግሰው ከሳውዲ ሲመለስ ሰቆጣ ላይ ቤት ሠራና አባቱን አመጣው። «አባቴ፣ ከእንግዲህ ቁጭ ብለው ይብሉ» አለ። አገሩ ሁሉ መረቀው። እኛ ዘንድ ረሃብ ያየ ሰው ሲወፍር ደስታ ነው፤ ቦርጭ ሲያወጣ «እሰይ፣ አማረብህ!» አልነው።

በ2001 ዓ.ም. ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ደግሰው አዲስ አበባ ወስዶ አስመረመረው። ሲመለሱ ልጁ «በደሙ አይተው ልቡ ደህና ነው ብለዋል፤ የታዘዘለት ዕረፍት ነው» አለን። እልል አልን፣ ምን እናድርግ!

ዓመት ሳይሞላ ሁለት እግሩ አበጠ። ምስራቅ ወደምትባል ሰቆጣ ያለች ሐኪም እኔና ደግሰው ደግፈን ወሰድነው። የአዲስ አበባውን ነገር ስንነግራት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ልብ ሲጨነቅ ወደ ደም የሚለቀው ሆርሞን አለ፤ ጨውና ውሃ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። ሲበዛ ልብ መድከሙን እናውቃለን። ሰው ሲወፍር፣ ተቀምጦ ሲውል፣ ኢንሱሊን የሚባለው የስኳር ሆርሞንም ሲበዛበት ግን ያ የልብ ሆርሞን ያንሳል። ስለዚህ ስላነሰ ብቻ ልብዎ ደህና ነው አይባልም። ክትትል ያስፈልግዎ ነበር፤ ቀስ እያሉ መራመድም ነበረብዎ። ይህን አልነገሯችሁም?»

ምንዋጋው ወደ ልጁ ዞረ። ደግሰው መሬት መሬት ያያል።

«ለእኔ ለብቻዬ ነግረውኛል» አለ።

«ታዲያ ምነው ደበቅኸኝ?»

«እግርዎ ከበረታ ዝቋላ ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ። መሬቱን ሳላማክርዎ ለሌላ ሰጥቻለሁ። አህዮቹም የሉም።»

ጉድ ነው! ያ ግዙፍ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ። «መሬቱን ብትጠይቀኝ መርቄ እሰጥህ ነበር» አለው። «እኔ እስክታፈን ቁጭ ብለህ አየኸኝ። ስሞት ቃሬዛዬን እንዳትነካ። ጎረቤት ይሸከመኝ።»

ኅዳር ላይ ሞተ። ዝቋላ ይቀበር ብለን ሰው እየተቀባበለ ተሸከመው። ደግሰው ባዶ እጁን ከኋላ እያለቀሰ ይከተላል። ዳገቱ ላይ ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ መጡ። «የሺመቤት፣ ልጅ ነው፤ ጥቂት ይያዝ» ብለው ለመኑኝ።

እንቢ አልኩ።