የጋሼ ፈንቴ ፈረስ

ባለፈው ወር እንጅባራ ላይ የዝውውር ሽኝት ተደረገልኝ። ጋቢ አለበሱኝና አንዱ ወጣት ባለሙያ የሥራ ታሪኬን አነበበ። «ለስንቱ ሥራ አጥ የእንጀራ በር የከፈቱ አባት!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግን ክው አልኩ። ጋሼ ፈንቴ ትዝ አሉኝ።

ዳንግላ ስመደብ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ሥራ አስያዥ ባለሙያ ተብዬ፣ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ክረምቱ የዋዛ አልነበረም። ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በጋሼ ፈንቴ ጋሪ እሄዳለሁ። አርባን የተሻገሩ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ከፈረሳቸው ጋር በአዊኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ አንዳንዴም ከኪሳቸው ትኩስ የተቀቀለ ድንች አውጥተው ያካፍሉኛል። የመሥሪያ ቤታችንን ደብዳቤ በየቢሮው የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ያኔ ባጃጅ ወደ ከተማው መግባት ጀምሮ ነበር።

«ጋሼ፣ የጋሪ ነገር አብቅቶለታል» አልኳቸው። «የመንጃ ፈቃድ ሥልጠናውን እኛ እንሰጥዎታለን። ፈረሱን ይሽጡና ባጃጅ ማኅበሩ ውስጥ ይግቡ።»

«ፈረሱን?» ብለው አንገቱን ዳሰሱት። «እንግዲህ የተማረ ያውቃል» አሉ።

ለአንድ የጫግኒ እህል ነጋዴ ሸጡት።

በምዝገባው ቀን ጸሐፊዋ «የስምንተኛ ክፍል ካርድዎን» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁ። ካርድ ከየት ላምጣ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ደብዳቤውንስ እንዴት ነበር የሚያደርሱት?»

«የመዝገብ ቤቷ ልጅ ስትሰጠኝ የማን የማን እንደሆነ ትነግረኛለች። በተራ ደርድሬ በልቤ እይዘዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ?»

በማግስቱ ደመወዜን ይዤ ፈረሱን ላስመልስ በአውቶቡስ ጫግኒ ወረድኩ። ሙቀቱ ገና ከመናኸሪያው ተቀበለኝ። ነጋዴው መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ፣ «የምን ፈረስ? ቆላው አልተስማማውም፤ ከትናንት ወዲያ ሞተ» አለኝ። የደጋ ፈረስ ቆላ ሲወርድ በሽታ እንደሚፈጀው የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጋሼ ፈንቴም ያውቁ ነበር። ግን ዳንግላ ውስጥ ማን ይግዛቸው? የጋሪ ዘመን አለቀ እያልኩ ጋሪ ነጂውን ሁሉ ያስደነገጥኩት እኔው ነበርኩ።

ስመለስ ጋሼ ፈንቴ ዳንግላ መናኸሪያ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ነገርኳቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ፈረስማ ሟች ነው» አሉ። «እኔ ነገ ጠዋት ተነስቼ የት ልሂድ? ሥራ አስያዡ አንተ አይደለህ? በል ንገረኝ።»

ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ገበያ ውስጥ ጆንያ ሲሸከሙ አያቸውና በሌላ መንገድ እዞራለሁ። በዓመቱ እሳቸው እዚያው ጆንያ ሥር እንዳሉ፣ እኔ እድገት አግኝቼ እንጅባራ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ማንንም ሰው አጠገቤ አስቀምጬ ስለ ኑሮው ሳልጠይቀው ለሥልጠና መዝግቤ አላውቅም። ባልደረቦቼ ይህን እንደ ብልሃት ቆጥረው ያመሰግኑኛል። ድንጋጤ መሆኑን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በሽኝቱ ማይክሮፎን ሲሰጠኝ የእሳቸውን ነገር ልናገር ተነሳሁ። ጭብጨባው ግን አላቆመም፤ ደግሞም ጣመኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።