ፈረንጁ ሐኪም የዘጋው ፍንጭቴ

ዓመቱን በትክክል ንገረን ብትሉኝ አልችልም። በደርግ ጊዜ ነው፤ ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ጋብ ብሎ የድሬዳዋ ባቡር እንደገና መመላለስ ጀምሮ ነበር። ወሩን ግን አልረሳውም። ግንቦት ልደታ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ለበዓሉ የሺ ትመጣለች ተብሎ ስለነበር ነው የማልረሳው።

የሺን የተዋወቅኳት እዚሁ ልደታ ሰፈር፣ ቀበሌያችን ውስጥ በነበረው የማታ ትምህርት ክፍል ነው። ሁለታችንም ገና ፊደል ቆጣሪዎች ነበርን። አንድ ቀን ተነስቼ ሳነብ ተሳሳትኩና በራሴ ሳቅኩ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ ዞር ብላ አየችኝና፣

«ንባቡን ተወውና ሳቁን ድገመው» አለችኝ።

ክፍሉ በሙሉ አውካካ። ከላይ ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ መሃል ፍንጭት ነበረኝ። እሱን አይታ ነው።

ከዚያ ሽማግሌ ላክሁ፣ ተፈቀደልኝም። ሠርጉ ሳይደርስ ግን የምትሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወደ ድሬዳዋ አዛወራት። ወዲያው ጦርነቱ መጣ፤ መንገዱም ተዘጋ። አልፎ አልፎ ከዚያ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ሰላምታ ትልክልኛለች። «ፍንጭቱ ደህና ነው ወይ በሉልኝ» ትላለች አሉ። የኔን ደህንነት አትጠይቅም፤ የፍንጭቱን ነው። እኔም እሷ የምትጠይቀውን ነገር ይዤ መጠበቅ ሥራዬ ሆነ።

ያኔ ሰንጋ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ነበር የምሠራው። አንድ ጠዋት አሮጌ የጭነት መኪና በማንቬላ፣ ከፊት ገብቶ ሞተሩን በሚያዞረው ብረት፣ ላስነሳ ስታገል ማንቬላው በኃይል ተመለሰና አፌን መታኝ። ደሙ ቆሞልኝ ስታጠብ የግራው የፊት ጥርሴ ከግማሽ በላይ ሄዷል። የቀረችውም ጉራጅ እያደር ጠቆረች።

የጋራዥ ልጆች ናቸውና አይምሩም። «የፊት መብራትህ አንድ ሆኗል፣ ትራፊክ እንዳያገኝህ» ይሉኛል። አብሬያቸው ልስቅ እልና እጄ ሳላዘው አፌ ላይ ይሄዳል። የሺ እንደምትመጣ የሰማሁት እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው። ደስታዬንና ድንጋጤዬን መለየት አቃተኝ።

ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው፣ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሳቸው የወርቅ ጥርስ ነበራቸው።

«ወርቅ አስደርግ እንጂ አንተ ልጅ! ወርቅ ጥርስ ያለው ሰው ዝም ቢልም ያወራ ይመስላል» አሉኝ።

እውነትም በዚያን ጊዜ የወርቅ ጥርስ ኩራት ነበር። ልቤ ወደዚያው ብሎ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን የሺ ከባቡር ወርዳ ቀድማ የምታየው ወርቁን ነው። እኔን እስክታገኘኝ ትደክማለች ብዬ ተውኩት። ነጭ ይሁን አልኩ።

ሆስፒታል ሄድኩ። ጥርሱን የሚሠራልኝ ከባሕር ማዶ፣ ከሶሻሊስት አገር የመጣ ሐኪም ነበር። ደግ ሰው ነው፤ አማርኛ ግን የለውም። አንዲት ነርስ ታስተረጉምለታለች። ቀለማቸው የተለያየ ትንንሽ ጥርሶች የተደረደሩበት ነገር አመጣና አንድ በአንድ ከኔ ጥርስ ጋር እያስተያየ ምረጥ አለኝ።

«በጣም ነጩስ ይቅር፣ ጎረቤቶቹ ይታዘቡታል» አልኩ። ነርሷ ሳቀች። ደብዘዝ ያለውን መረጥን። ልክ ወሰዱና ቀጠሩኝ።

በቀጠሮዬ ስሄድ ሐኪሙ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ። አዲሱን ጥርስ ሳያጣብቀው ለልክ አስገባልኝና መስታወት ሰጠኝ። ቀለሙ ቁርጥ የራሴ ነው። ፍንጭቴ ግን የለም። ጥርሱን ሰፋ አድርጎ ሠርቶት ከጎረቤቱ ጋር ገጥሟል።

ነርሷ ቃሉን ነገረችኝ፤ «ክፍተቱንም ጭምር አስተካከልኩልህ፣ ደስ ይበልህ ይልሃል።»

መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው መልከ መልካም ነው። ግን እኔ አይደለሁም። የሺ ባቡር ጣቢያ ላይ ሳታውቀኝ በአጠገቤ ስታልፍ ታየኝ። እንባዬ መጣ።

«አመመህ?» አለች ነርሷ ደንግጣ።

«አላመመኝም። ፍንጭቴ የት ሄደ ሲስተር? እጮኛዬ ልትመጣ ነው።»

ጠጋ ብላ አየችኝና፣ «ውይ በሞትኩት!» አለች። ወደ ሐኪሙ ዞራ ብዙ ተናገረች። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። «ጉድለት ነው እኮ፣ እኛ አገር ሰው ለምኖ ነው የሚያዘጋው እያለ ነው» አለችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ በሩን ከፈተችው። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል።

«እናንተ ፍረዱ! ይሄ ልጅ ፍንጭት ነበረው፣ ዶክተሩ ዘጋበት። እንዲህ ይቅር ወይስ ይመለስ?»

ጉንጫቸውን በነጠላ ያሰሩ አሮጊት ብድግ አሉ። «ምን ነካችሁ! ሰው ተስሎ የማያገኘውን! መልሱለት እንጂ!»

አንዱ ጎልማሳ ደግሞ፣ «እኔ ፍንጭት ቢኖረኝ እዚህ የምመጣው ለመታከም ሳይሆን ለመታየት ነበር» አለ። ጉንጩ ያበጠው ሁሉ እያመመው ሳቀ።

ሐኪሙ ከኋላችን ቆሞ ይሰማ ነበር። ነርሷ ተረጎመችለት። ፊቱ ቀላ፤ ቀጥሎ እሱም ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጥርሱን አወጣው።

«ስንት ይሆን ነበር የፍንጭቱ ስፋት?» አለችኝ ነርሷ።

«የክብሪት እንጨት ልክ ትይዛለች» አልኩ። ጋራዥ ውስጥ እየሰካሁባት እጫወት ስለነበር አውቃለሁ። ነርሷ ከዘበኛው ክብሪት ተቀብላ አንዷን እንጨት ለሐኪሙ ሰጠችው። እሱም በእንጨቷ ለክቶ ጥርሱን አጠበበና ፍንጭቴን መለሰልኝ።

የበዓሉ ዋዜማ ለገሃር ቆሜ ጠበቅኋት። የሺ ጓዟን ተሸክማ ስትወርድ ሳቁ ራሱ መጣ፤ እጄም አልተነሳም። ፍንጭቴን ብዙ አየችው።

«አለህ?» አለች።

«አለሁ» አልኳት።

ተጋባን፤ ልጆች ወለድን፤ ልጆቹም አደጉ። የሺ ካረፈች ቆየች። ያ ጥርስም፣ ጎረቤቶቹም አንድ በአንድ ወለቁ። አሁን ልጆቼ ያሠሩልኝ ሙሉ ጥርስ አለኝ፤ እኩል ነው፣ ለመብላት ይበጃል። ሰው ሲያጫውተኝ እስቃለሁ። ግን ወደ ፊት ወንበር ማየት አልተውኩም፤ ዞር የሚል የለም እንጂ። እንደሱ ባለው ጊዜ ናፍቆቷ አላስቀምጥ ይለኛል።

ያቺ ነርስም ትናፍቀኛለች። ከሠርጉ በኋላ ከየሺ ጋር ልናመሰግናት ብንሄድ፣ ቁስለኛ ልታክም ወደ ሰሜን ተልካለች አሉን። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ስሟን እንኳ ያወቅሁት ለምስጋና የሄድን ዕለት፣ ዘበኛውን ጠይቄ ነው። ሲስተር አስካለ ትባላለች።