እኔን ፈርተው የተባበሩት

ባለፈው ከሰበታ ወደ ፉሪ በሚኒባስ ስመለስ ሬዲዮው ስለ አንድ የጦር ኅብረት ያወራ ነበር። አንዱ አባል ከተነካ ሁሉም እንደተነኩ ይቆጥሩታል አለ ዜና አንባቢው። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት «አባባ፣ እነዚህ ሰዎች ጠላታቸው ቢጠፋ ምን ይሆናሉ?» አለኝ። ጉድ ነው! ይህን ጥያቄ በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ ያውም ጠላቱ እኔ ሆኜ።

ያኔ ከፉሪ ሰበታ ትምህርት ቤት የምንሄደው በእግር ነው። ከእኩዮቼ በቁመት እበልጣለሁ፤ ንዴቴም ቅርብ ነበር። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ገመቹ የሚባል የክፍሌ ልጅ እናቴን አንስቶ ቢሰድበኝ ገፍትሬ ጭቃ ውስጥ ጣልኩት። በቃ፣ ያደረግኩት ይኸው ነው። በማግስቱ ገመቹ የመንገዱን ልጆች ሰብስቦ አማማላቸው፦ «አንዳችንን የነካ ሁላችንንም ነካ!»

ከዚያ ወዲያ ማንም ለብቻው አይሄድም። እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መጀመሪያ ኮራሁ፤ ያ ሁሉ ልጅ እኔን ፈርቶ! እያደር ግን እቀናባቸው ጀመር። የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ይካፈላሉ፤ ይሳሳቃሉ፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ደብተሩን ይይዝለታል። ከእኔ ጠብ በፊት እኮ ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም! እኔም እሸት አላጣሁም፤ ለብቻዬ ስበላው ግን አይጣፍጠኝም ነበር።

አንድ ቀን አላስቻለኝም፤ ሮጬ ደረስኩባቸው። ድንጋይ አነሱ።

«ኧረ ለጠብ አይደለም» አልኩ። «እኔም ልግባ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ገመቹ ጭንቅላቱን እያከከ በቁም ነገር አሰበበት።

«አንተ ከገባህማ ማንን ፈርተን አብረን እንሄዳለን?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ድንጋዩን ጥለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዓመቱ ሳያልቅ አባቴ ሱሉልታ አጎቴ ዘንድ ላከኝ፤ ትምህርቴንም እዚያው ጨረስኩ። ገመቹን ያገኘሁት ከስንት ዘመን በኋላ፣ ሁለታችንም ሸብተን፣ ለቅሶ ቤት ነው። «አካም ጅርታ!» ሲል በኦሮምኛ ሰላም ብሎኝ አቀፈኝ። ያኔ አብረውት ይሄዱ ስለነበሩት ልጆች ጠየቅኩት።

«አንተ ከሄድክማ ሳምንትም አልቆየን» አለ። «ሁሉም በየፊናው ሆነ። ዛሬ የት እንዳሉም አላውቅ።»

«ይበተናሉ እንጂ!» አልኩት ሚኒባሱ ውስጥ ለጠየቀኝ ወጣት።

«እንዴት አወቁ?»

የኅብረት ማንነቱ በአባላቱ ነው ይላሉ፣ በመሐላው ነው ይላሉ። እነዚያን ልጆች ግን አንድ ላይ ያቆምኳቸው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ስጎድል ፈረሱ። ከሁሉም በላይ አባል የነበርኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። አንድም ቀን ግን አብሬያቸው አልሄድኩም።